የእመቤቷ ምርቃት

በቴሌቪዥን ድራማው የአምባሰሏን እመቤት ሆና የምትሠራ ተዋናይ ፍለጋ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ከአዲስ አበባ የመጣችው ዳይሬክተር ሔለን ብዙዎችን ፈትና አልረካችም። አንድ ጠዋት ግን ሐይቁ ዳር ዓሣ የምትሸጠው ዘሀራ ሁለት የተጣሉ አጥማጆችን ስትገሥጽ አየቻት። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ሰዎቹ ግን አንገታቸውን ደፉ።

«እመቤቷ ይቺ ናት» አለች ሔለን።

እመቤቷ የደራሲው ፈጠራ ናት፤ ዘመኗ ግን የእውነት ነው፤ የመሳፍንቱ ዘመን። እኔ የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ዘመኑ እንዳይዛባ እንድጠብቅ ተቀጥሬያለሁ። የቀሚሱን ጥልፍ፣ የጋሻውን ዓይነት፣ የኮርቻውን ቅርጽ ሁሉ ከመጻሕፍት እያመሳከርኩ አርም ነበር።

ዘሀራ ስትሰማ ሳቀች። «እኔ ዓሣ ዓሣ የምሸተው? ወላሂ አብዳችኋል!» በማግስቱ ግን እጇን በሎሚ አሽታ መጣች። ተማሪዬ የሆነችው ልጇ ሂዳያ ሌሊቱን ጽሑፉን ስታስጠናት አድራለች።

የመፈተኛው ትዕይንት እመቤቷ ጦሯን ስትሸኝ ነው። ጽሑፉ «አንገቷን ደፍታ በዝምታ ትሸኛቸዋለች» ይላል። ዘሀራ ዝም አላለችም። መዳፎቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ «በሄዳችሁበት ይቅናችሁ! ክፉ አይንካችሁ! ለእናታችሁ ዓይን ያብቃችሁ!» እያለች መረቀች። ወታደር ሆነው የተሰለፉት የአገሬው ሰዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ መዳፋቸውን ዘርግተው «አሜን! አሚን!» አሉ። ማንም አላዘዛቸውም።

ፕሮዲውሰሩ ተነሣ። «ቆይ፣ እመቤቷ ክርስቲያን አይደለችም እንዴ? ይሄ እኮ ዱዓ ነው። ታሪክ አበላሹ ተብለን ልንሰደብ ነው።»

ሔለን ወደ እኔ ዞረች። «መምህር ሽታው፣ እንዲህ ይደረግ ነበር ወይስ አይደረግም?»

ይደረግ ነበር። ቄሱ አያቴ ከዘሀራ አባት ከሼህ ሰዑድ ጋር፣ ዝናብ ሲጠፋ አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ሲመርቁ በዓይኔ አይቻለሁ። እነሱም ከአያቶቻቸው ነው የወረሱት። በመጽሐፍ ግን አላነበብኩትም።

«የጽሑፍ ማስረጃ የለኝም» አልኩ።

«አልነበረም ማለት ነው» አለ ፕሮዲውሰሩ።

ዓይኔን ወደ መጻሕፍቴ መለስኩ።

ዘሀራ መዳፎቿን ገና አልሰበሰበችም። «አንተ የቄስ አሻግሬ የልጅ ልጅ፣ አያትህና አባቴ ሲመርቁ ቃለ ጉባኤ ይያዝ ነበር እንዴ?»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ፈገግታ ነው።

ሔለን እንደ ጽሑፉ እንድትሠራው ለመነቻት። ዘሀራ ካባውን አውልቃ በጥንቃቄ አጠፈችው። «ልጆቿን ሳትመርቅ የምትሸኝ ሴት ሆኜማ አገሬ ላይ አልቆምም» ብላ ሄደች። ቦታው ለሌላ ተዋናይ ተሰጠ።

ድራማው ሲተላለፍ አየሁት። ጥልፉ ትክክል ነበር፤ ጋሻውም፣ ኮርቻውም። ቆንጆዋ እመቤት አንገቷን ደፋች፤ ጦሩም ዝም ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ወረድኩ።

«እትዬ ዘሀራ፣ ያን ቀን እኮ አውቅ ነበር።»

«ማወቅህንማ አውቃለሁ» አለች፣ ዓሣውን መቅረፏን ሳታቆም። «ለእኔ ግድ የለም፤ ሥራዬ አለልኝ። ሂዳያ ግን ትናንት ቴሌቪዥኑን አይታ፣ ‹እማ፣ ለካ ያኔ የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«መምህርሽን ጠይቂው አልኳት።»

ሂዳያ አልጠየቀችኝም። ስለ መሳፍንቱ ዘመን ሳስተምር እጇን ታወጣለች ብዬ እጠብቃለሁ። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ፣ የምለውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።