ጎንበስ ቀና

ሰፈሩ «ሽቦ» እያለ የሚጠራው ሬዲዮ ጠጋኝ አንድ መጥፎ አመል ነበረበት፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ ማየት አይችልም። በሚስቱ ልብስ ስፌት ሱቅ መስኮት ውስጥ ያለችው አሻንጉሊት ደግሞ ልብስ ከመልበስ በቀር ምንም ሳትሠራ ስድስት ዓመት ቆማለች። ስለዚህ አንድ ሰኞ ወገቧን በመጋዝ ቆርጦ ማጠፊያ ሲገጥምላት ሚስቱን ብዙም አልደነቃትም።

«ደግሞ ምን ልታደርጋት ነው?»

«አላፊ አግዳሚውን እጅ ትነሳልሻለች። ጎንበስ፣ ቀና።»

ሚስትየው ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ በመስኮቱ አሻግራ አየች። ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት፣ የታላቅ እህቷ ልብስ ስፌት ነው። ሙያውን ያስተማረቻት እሷ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት ታናሽየው ሳታማክራት ከሱቋ ወጥታ አፍንጫዋ ሥር የራሷን ከፈተች፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሽቦም ያውቃል፣ ሚስቱም ታውቃለች፤ ፊቷ ቆሞ ይህን የሚናገር ወንድ ግን ገና አልተወለደም። ነገሩ አንጀቱን ይበላዋል። ሚስቱ አዲስ ልብስ በጨረሰች ቁጥር መስኮቱ ላይ አድርጋ ማዶ ማዶውን ስታይ፣ ደንበኛ እየጠበቀች እንዳልሆነ አይጠፋውም።

«አንድ ስንዝር ብቻ» አለችው ጣቶቿን ዘርግታ። «ሰላምታ እንጂ ልመና እንዳይመስል። እሷ ፊት ከምሰግድ ሱቁን ብዘጋ ይሻለኛል።»

«አንድ ስንዝር፤ በእኔ ይሁንብሽ።»

ሥራው ለሽቦ ጨዋታ ነው። ከአሮጌ የሕመምተኛ አልጋ ላይ የነቀለው ሞተር ያለው ዘንግ ነበረው፤ ሁለቱን ሽቦዎች በአንድ በኩል ሲያገናኟቸው ይገፋል፣ ሲያቀያይሯቸው ይስባል። ታይመሩ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ ያጎነብሳታል፤ ከዚያ ሪሌይ የሚሉት መቀያየሪያ «ቀጭ» ብሎ ሽቦዎቹን ያቀያይርና በአምስት ሰከንድ ቀና ያደርጋታል። አንድ ደቂቃ ዕረፍት፣ እንደገና ጎንበስ። ጫፍ ላይ ስትደርስ ሞተሩን የሚያጠፉ ሁለት ትንንሽ ማቆሚያዎችም መግጠም ነበረበት። «አምስት ሲወርድ፣ አምስት ሲወጣ፤ ሒሳቡ እኩል ነው። ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ተዋቸው። በዚህችው «ምን ያደርጋሉ» ስንት ጊዜ ጉድ ሆኗል፤ አይማርም።

ሐሙስ ጠዋት አሻንጉሊቷ ልብስ ሳትለብስ ስትሞከር እንደ ጨዋ ልጅ አንድ ስንዝር ጎንበስ ብላ ቀና አለች። ሚስቱ ደስ ብሏት፣ በዚያው ሳምንት የጨረሰችውን ከባድ ካፖርት አለበሰቻትና ጨርቅ ልትገዛ ወጣች። ሽቦ ከመጋረጃው ጀርባ ወዳለው ጠረጴዛው ሄዶ የሰው ሬዲዮ መፍታት ጀመረ። «ቀጭ» ስትል በሰማ ቁጥር ሁሉ ሰላም ነው እያለ ራሱን ይነቀንቃል።

ሰላም አልነበረም። ካፖርቱ ሲወርዱ ያግዛል፣ ሲወጡ ይጎትታል። ስለዚህ አሻንጉሊቷ የወረደችውን ያህል አትመለስም፤ በያንዳንዷ ሰላምታ የክር ውፍረት ያህል ታጎድላለች። ረፋዱ ላይ ትከሻዋ ዝቅ አለ፣ ቀትር ላይ ወገቧ ታጠፈ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግንባሯ የመስኮቱን ወለል ሊስም ምንም አልቀረው። ፊቷ ደግሞ ወደ ማዶ ነው።

በሩ ተከፈተ። ሽቦ መጋረጃውን ገልጦ ሲወጣ፣ የሚስቱ ታላቅ እህት ደረቷ ላይ መርፌ እንደተሰካ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል። አሻንጉሊቷን ሲያይ ክው አለ።

«ከጠዋት ጀምሮ እያየሁ ነው» አለች። «መጀመሪያ ትንሽ። ከዚያ ዝቅ፣ ከዚያም ዝቅ...»

ዝም ቢል ሚስቱ መጥታ እውነቱን ታፈርጠዋለች፤ ቢናገር ደግሞ ይህች ሴት ዳግመኛ ያንን መንገድ አትሻገርም። ጭንቅ ያዘው። ግን ውሸት አይሆንለትም።

«እትዬ፣ አልዋሽዎትም። ሚስቴ ይቅርታ እየጠየቀች አይደለም። ካፖርቱ ከብዶ ነው። ማቆሚያ አልገጠምኩም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አንተ ጅል፣ አውቃለሁ» አለችው። «ገበሩ ተደርቦ የተሰፋ ካፖርት ነው፤ ከማዶ አወዳደቁን አይቼ አወቅኩት። መደረብ ያስተማርኳት እኔ አይደለሁ? ስድስት ዓመት ሙሉ ሰበብ አጥቼ ነው የተቀመጥኩት። ዛሬ አገኘሁ፤ አትንጠቀኝ።»

በዚያው ቅጽበት ሚስቱ ጨርቅ ታቅፋ ገባች። እህቷን አየች፣ የተደፋችውን አሻንጉሊት አየች፤ ባሏ ጋ ስትደርስ ዓይኗ ጠበበ። ሽቦ ወደ መጋረጃው አንድ እርምጃ አፈገፈገ።

ታላቅየው ግን የካፖርቱን ጫፍ ገልብጣ ስፌቱን በጣቷ እየዳሰሰች ነበር። «ደርበሽዋል» አለች፣ ቀና ሳትል።

«እንዲሞቅ ደርቢ ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ እቴቴ።» የሚስትየው ጨርቅ ከእጇ ወደቀ። «ሳልነግርሽ መውጣቴ...» ብላ መጨረስ አቃታት። ማን ማንን ቀድሞ እንዳቀፈ ሽቦ አላየም፤ ሲያለቅስ መታየት ስለማይወድ ሶኬት ልነቅል ብሎ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ነበር።

በማግስቱ ማቆሚያዎቹን ገጠመ። ሰኞ ደግሞ ታላቅየው ለራሷም መስኮት አንድ አሻንጉሊት እንዲሠራላት ልታዝዘው መጣች።

«የኔዋ አጸፋ ነው የምትሰጠው» አለችው ቆጣ ብላ። «የእናንተዋ ቀድማ ጎንበስ ትላለች፤ የኔዋ ከሁለት ሰከንድ በኋላ። ታላቅ ነኝ።»

ሽቦ እርሳሱን እንደያዘ ሚስቱን በፍርሃት ሰረቅ አድርጎ አየ። ከምሰግድ ሱቁን ብዘጋ ይሻለኛል ያለችው ይቺው ሚስቱ ናት። እሷ ግን የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳቀረቀረች ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣

«ሁለት ታንሳለች» አለች። «ሦስት አድርግላት።»