የሸዋንዳኝ አንገትና የኋላ ካሜራው

መምህር ሸዋንዳኝ መኪናውን ወደ ፊት ሲነዳ አንዲት ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም። ያንን ጠመዝማዛ የጨንቻ ዳገት በጉም ውስጥ ሳይቀር እንደ ጓሮው ያውቀዋል። ጣጣው ሁሉ ወደ ኋላ ሲሄድ ነው።

አንገት የተሠራው አዙሮ ለማየት ነው ይባላል፤ የሸዋንዳኝ አንገት ግን ይህን ሥራውን ከተወ አምስት ዓመት ሆኖታል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የልጆች ደብተር ላይ ሲያቀረቅር ኖሮ ደርቆ ቀረ። ሰው ከጎን ሲጠራው ከነትከሻው፣ ከነወገቡ ነው የሚዞረው። መኪና ውስጥ ደግሞ ከነወገብ መዞር አይቻልም። ስለዚህ ያቺ አሮጌ ዲኤክስ የግቢውን በር ሁለት ጊዜ፣ የጎረቤትን ሙዝ አንድ ጊዜ በኋላዋ ገጭታለች። የቀኝ መስታወቷም ከበሩ ምሰሶ ጋር ስትሳሳም ረግፏል።

ይህ ሁሉ በይቅርታ ታልፎ ነበር። ያልታለፈው የሠርጉ ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የወዳጁ ልጅ ስትዳር፣ ሸዋንዳኝ ከምሳ በኋላ ሰው ሳይበዛ ልውጣ ብሎ የኋላ ማርሽ አስገባና የድንኳኑን ካስማ ነቀለው። ድንኳኑ ትንሽ አሰበበትና ቀስ ብሎ ሚዜዎቹ ላይ ተኛ። የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ የተቆጣ ግን ሞልቶ ነበር።

ሚስቱ ሊሻን ከሸራው ሥር ራሷን አውጥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በሰው ፊት ፈረደች።

«ከእንግዲህ ይቺ መኪና ወደ ኋላ ሄዳ አንድ ነገር ከነካች፣ እንጨትም ቢሆን፣ ቁልፉን ለካሱ እሰጣለሁ።»

ካሱ ከጫኖ ሙዝ እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። መኪናዋን ለሙዝ መጫኛ ከፈለጋት ሁለት ዓመት አልፎታል። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሞተር ሳይክሉ ይመጣና በሬ እንደሚገዛ ሰው ጎማዋን መታ መታ አድርጎ፣ «እንዴት ናት?» ይላል። ስለ ሊሻን ጤና እንኳ እንደዚያ ጠይቆ አያውቅም።

ሸዋንዳኝ ፈራ። ከጎጃም በሃያ ሦስት ዓመቱ ተመድቦ የመጣው ጨንቻ ነው፤ ፊደል ማስተማር የጀመረውም፣ ሊሻንን ያገኘውም እዚያው ነው። አሁን ጡረታ ወጥቶ በሚኖርባት በአርባ ምንጭ ሙቀት ስድስት ቀን እያለከለከ ቅዳሜን ይጠብቃል። ቅዳሜ ጋቢውን ኋላ ወንበር ላይ ጥሎ ዳገቱን ይወጣል። እዚያ ሽበት ያበቀሉ ተማሪዎቹ ሲያዩት ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። አርባ ምንጭ ውስጥ ለእሱ የሚነሳ ሰው የለም። ቁልፉ ከሄደ ቅዳሜም አብሮ መሄዱ ነው።

ሌላም የሚያንገበግበው ነገር ነበር። አንገቱ ከደረቀ ጀምሮ መኪናዋ ከግቢ ወደ ኋላ በወጣች ቁጥር ሊሻን ከኋላ ትቆማለች። «ና፣ ና፣ ና… ወደ ግራ… ግራ አልኩህ እኮ… ቁም!» ትልና መኪናዋን በመዳፏ ትመታለች። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። የጎረቤት ልጆች ሸዋንዳኝን መንገድ ላይ ሲያዩት «ና፣ ና፣ ና» እያሉ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ንዝንዝ እንደሆነ ምንም አልተጠራጠረም፤ የሴት ንዝንዝ ደግሞ መድኃኒት የለውም ብሎ ደምድሞ ነበር።

በዚያው ዓመት ለአንገቱ ሕክምና አዲስ አበባ ሄደ። ሐኪሙ ኪኒን ሰጠው፣ መርካቶ ካሜራ ሸጠለት። ከታርጋው በላይ የሚገጠም አውራ ጣት የምታህል ካሜራ፣ ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፍ መዳፍ የሚያህል ስክሪን፣ በመካከላቸው ረጅም ሽቦ። ኪኒኑን ረስቶት መጣ።

የመኪና ኤሌትሪሺያኑ ዘካሪያስ አንድ ቅዳሜ ሙሉ በመኪናዋ ውስጥ ተጋድሞ ዋለ። ሽቦውን ከምንጣፉ ሥር አሳልፎ ከኋላ ማርሹ መብራት ጋር አገናኘው። ማታ ላይ፣ «ጋሼ፣ ማርሽ ያስገቡ» አለ።

ስክሪኑ በራ። መንገዱ ታየ፤ ማዶ ያለው አጥር ታየ፤ አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ታየ። ሸዋንዳኝ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«ዘካሪያስ፣ ፊደሉ ዞሯል።»

«አዎ ጋሼ፣ እንደዚያ ነው የሚሆነው። መስታወትም እንደዚያ ያሳያል።»

«መስታወት ትምህርት ቤት አልገባም። ይሄ ከውጭ አገር የመጣ ዕቃ ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለማየት ነው እንጂ ለማንበብ አይደለም።»

ይህን ለሸዋንዳኝ መናገር አልነበረበትም። ሸዋንዳኝ ዕድሜውን የፈጀው አዙረው የሚጽፉ ሕፃናትን ፊደል ሲያቃና ነው። ከነዚያም ሕፃናት መካከል አንዱ፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ራሱ ዘካሪያስ ነበር።

«አንተን ከክፍል አስቀርቼ ያቃናሁት ፊደል ነው» አለ ሸዋንዳኝ። «ዛሬ በመኪናዬ ላይ አዙረህ ትሰጠኛለህ?»

ዘካሪያስ አንገቱን ደፋ። ያስተማረ ሰው እምቢ አይባልም። ከካሜራው ጅራት ላይ ቀጭን አረንጓዴ ሽቦ ፈልጎ በጉጠት ቆረጠ። ጽሑፉ ቀጥ ብሎ ተነበበ።

«ግን ጋሼ፣ አሁን ግራና ቀኙ ተገለባበጠ…»

«ግራና ቀኝን ማን አስተማረህ?»

«እርስዎ።»

«እንግዲያው።»

ዘካሪያስ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

በማግስቱ እሑድ ካሱ እንደ ልማዱ መጣ። ሞተሩን ከመኪናዋ ኋላ፣ ከበሩ አጠገብ አቆመና አጥሩን ተደግፎ ለማየት ተዘጋጀ። ሸዋንዳኝ በዳንቴል የተሸፈነ መሪውን ይዞ በመስኮት ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ሊሻን፣ ከዛሬ ጀምሮ ድምፅሽን አታድክሚ። መሣሪያ አለኝ።»

«እሺ» አለች ሊሻን።

ሊሻን እሺ ብቻ ካለች አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ሸዋንዳኝ ግን ያን ዕለት ለሚስቱ የሚሆን ጆሮ አልነበረውም። ማርሹን አስገባ። ስክሪኑ በራ። ስለ መሽናት የተጻፈውን አንዴ በደስታ አነበበና ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አደረገ።

የካሱ ሞተር በስክሪኑ ግራ በኩል ቆማለች። ሸዋንዳኝ ከእሷ ለመራቅ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ። ሞተሯ ተጠጋች። ይበልጥ ወደ ቀኝ አዞረ። ይበልጥ ተጠጋች። ይሸሻታል፣ ትከተለዋለች። ካሱ ሞተሩ ልትደፈጠጥ መሆኑን እያየ ከአጥሩ አልተነቃነቀም፤ እንዲያውም ትንሽ ፈገግ ብሏል።

ያኔ ሊሻን ስክሪኑ ውስጥ ገባች።

ሸዋንዳኝ አምስት ዓመት ሙሉ ድምፅዋን ሰምቷል እንጂ ከኋላ ቆማ ፊትዋን አይቶ አያውቅም። የተቆጣ ፊት ነበር የሚጠብቀው። ያየው ሌላ ነው። ዝም በይ ተብላለችና አንድ እጅዋን አፍዋ ላይ ጭናለች፤ በሌላው እጅዋ አየሩን ትገፋለች። ከጣቶቿ መካከል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እመቤቴን እየጠራች እንደሆነ ገባው። ዓይኗ ሞተሯን አያይም፣ መኪናዋን አያይም። በኋላው መስታወት አልፎ እሱን፣ ያንን የደረቀ ማጅራቱን ያያል። ፈርታለች። ለካ ፍርሃት ነው የሚያስጮኻት።

መኪናዋ በመዳፍ ተመታች።

«ቁም!»

እግሩ ልቡን ሳያማክር ፍሬኑ ላይ ወጣ። መኪናዋ ከሞተሯ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቀጥ አለች።

ካሱ ቀስ ብሎ ከአጥሩ ተነሳ። «እትዬ ሊሻን፣ ትንሽ ዝም ቢሉ ኖሮ እኮ መኪናዋ የኔ ነበረች።»

«ዝም ማለት አልለመደብኝም» አለች ሊሻን።

ሸዋንዳኝ መኪናዋን አጥፍቶ ወረደ። ከነወገቡ ወደ ሊሻን ዞረ።

«ሁልጊዜ ፊትሽ እንዲህ ነው የሚሆነው?» አላት።

«አንተ መቼ ዞረህ አይተህ ታውቃለህ?» አለችና ወደ ቤት ገባች።

ሰኞ ዘካሪያስ ተጠርቶ መጣ። የቆረጠውን ሽቦ አገናኝቶ በጥቁር ናስትሮ ጠቀለለው። ማዶ ያለው ጽሑፍ እንደገና ዞረ። ሸዋንዳኝ አየው፣ አመመው፣ ሳያርመው አለፈ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋቢው ኋላ ወንበር ላይ ነው፤ በሩ ተከፍቷል። ማርሹን አስገባ። ስክሪኑ ላይ መንገዱ ባዶ ነው፤ ሞተር የለ፣ ዶሮ የለ፣ ድንኳን የለ። ግራው በግራ፣ ቀኙ በቀኝ ነው። ሸዋንዳኝ ግን አልተንቀሳቀሰም። ጡሩምባውን ነፋ።

«ምን ሆንክ ደግሞ?» አለች ሊሻን ከውስጥ። «ካሜራ አለህ አይደል?»

«ካሜራውማ አለ» አለ። «አንቺ የለሽበትም።»

ትንሽ ቆይታ፣ እጅዋን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች።