የአሰለች ባል

ቀድሞ የወጣ እውነተኛው ነው ብዬ አምን ነበር፤ ተሳስቼ ኖሯል።

በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. ክረምቱን በብልባላ መሠረተ ትምህርት ሳስተምር ከርሜ ወደ ላሊበላ ተመለስሁ። ቤቴ ሳልገባ ልሳለም ብዬ አብያተ ክርስቲያናቱን በሚያገናኘው ጨለማ ዋሻ ገባሁ። በዚያ መብራት አይያዝም፤ ቀኝ እጅን ከግድግዳው ሳያነሡ መሄድ ነው። ከብርሃኑ ደርሼ ዞር ብል ከኋላዬ እኔው ራሴ ብቅ አልሁ። ያው ጋቢ፣ ያው ጭቃ፣ ያው የአገጭ ጠባሳ።

«ማነህ?» ተባባልን እኩል።

«ምስጋኑ።» ይህንንም እኩል።

ከልጅነት እስከ ሠርጋችን ጠየቅሁት፤ አንድም አልሳተም። ቀድሜ ወጥቻለሁና ለንስሐ አባታችን እኔ ልንገር አልሁ። እሱ ከዋሻው አፍ ቀረ።

መምሬ ገብረ ሊባኖስ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ሰይጣን ነው ይበሉኝና ልገላገል፣ አባቴ።»

«ሰይጣን ከቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ይወጣል? ና፣ አሳየኝ።»

ከዋሻው አፍ ግን ማንም አልነበረም። መመለሴን የሰማችው ባለቤቴ አሰለች ልትቀበለኝ መጥታ እሱን አግኝታ ወስዳው ኖሯል። ከቤቴ ደጅ ስንደርስ ድምፅዋ ተሰማ።

«ብልባላ እህል የለም እንዴ? መቃ መስለህ መጣህ!»

እሱም በእኔ ሳቅ ሳቀ።

«በቁርባን ያገባኋት እኔ ነኝ» አልሁ በሹክሹክታ።

«እሱም ነው። ለአንዲት ሴት ግን ሁለት ባል አላቆርብም።»

«ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ!»

«ቀድሞ መውጣት ቀድሞ መኖር ነው እንዴ ልጄ?»

እስከ ዋሻው አፍ ያለው ዕድሜ የሁለታችንም ነው፤ አንዱ ከሌላው የሚያንስበት ሠርግ፣ የሚጎድልበት ኀዘን የለም። ከዚያ ወዲህ ግን ይህ ሳቅ የእሱ ብቻ ሆኗል። የእኔ ብቻ የሆነው ከደጅ መቆሜ ነው። ብገባ አሰለች ከሁለት አንዱን ልትመርጥ ነው፤ የምትለይበት ምልክት የላትም፣ ማንንም ብትመርጥ ባሏን ታባርራለች።

በበሩ ስንጥቅ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ሳቁን አቋረጠ። እስከዚያ ቀትር ሐሳቤን ሁሉ ያውቅ የነበረ ብቸኛ ሰው፣ አሁን ምን እንደማስብ ሊያነብ ፊቴን መረመረ፤ አላወቀውም።

«መነኩሴ በቁሙ ፍትሐት ይደረግለታል» አሉ መምሬ ቀስ ብለው። «ለዓለም ሞቷልና።»

«ሟቹ ማን ሊባል ነው?»

«ምስጋኑ።»

«እሱስ?»

«እሱማ የአሰለች ባል ነው።»

ሳልሰናበታት ሄድሁ። ከሙጃ ከተማ ማዶ ባለ ገዳም ፍትሐት ተደረገልኝ፤ መነኮስሁ።