ከበሮው ሲገባ

ስልኩ የጮኸው ሐዘንተኛው ሁሉ ዝም ባለበት ሰዓት ነው። በር አጠገብ የተቀመጠችው ወጣት ሴት ቦርሳዋን በርብራ እስክታጠፋው ድረስ የኤሌክትሪክ ጊታር ሳሎኑን ሞላው። አንዲት አሮጊት ደንግጠው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ሌንስ ግን አልደነገጠችም፤ ቀና ብላ ልጅቷን አየቻት። ያ ዜማ የሌንስ ሟች ባል ሆስፒታል በተኛባቸው አራት ቀናት ሲያንጎራጉረው የነበረው ዜማ ነው።

"ሰማሽ?" አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው ታላቅ እህቷ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

"ሰምቻለሁ፣ እቴቴ።"

"እንግዲህ እኔ ምንም አላልኩም።"

እቴቴ ምንም አላልኩም ካለች ብዙ ብላለች ማለት ነው።

ሌንስ ስሟ አይደለም። ባንክ ቤት ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ፊርማ ስታመሳክር የኖረች ሴት ናትና ባልደረቦቿ ከእጇ ከማይለየው ማጉያ መነጽር አንሥተው አወጡላት። ባሏንም በስሙ የሚጠራው አልነበረም። መኪና መንዳት የሚያሠለጥን ሰው ነበር፤ በሱ በኩል ያለችውን ፍሬን እየረገጠ ስንቱን ለማጅ ከግንብና ከቦይ ስላተረፈ ከተማው ጋሼ ፍሬን ይለው ነበር። ሁለቱ ሲጋቡ ጎረቤት "አንዱ ያስቆማል፣ አንዷ ትፈትሻለች፤ እነዚህ የመሠረቱት ቤት ሳይሆን ኬላ ነው" እያለ ሲስቅ ከረመ። ከዚያ ሃያ ሦስት ዓመት አለፈ፤ ኬላውም በደኅና ቆየ።

ልጅቷ የአምቡላንስ ሹፌር ናት። ሌንስ ከዚህ በፊት ያየቻት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያቺ አንድ ጊዜ ግን በቂ ነበረች። ጋሼ ፍሬን ደረቱን ይዞ የወደቀ ዕለት አምቡላንሱን ይዛ የመጣችው እሷ ነበረች። ከመኪናዋ ወርዳ ፊቱን ስታይ "ጋሼ" አለችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ትንፋሽ ያጠረው ሰውዬ፣ ለሚስቱ አንድ ቃል መናገር ያቃተው ሰውዬ፣ ልጅቷን ሲያይ ፈገግ አለና ያንን ዜማ አንጎራጎረላት። ልጅቷም እያለቀሰች ተቀበለችው። ሌንስ የባሏን ጫማ በእጇ እንደያዘች ቆማ አየች። ሃያ ሦስት ዓመት አብራው ስትኖር ቤት ውስጥ አንድ ዘፈን እንኳ ሲያንጎራጉር ሰምታው አታውቅም።

ዛሬ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እሷ አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣችም። ለቀስተኛው በድንጋጤ ነው ይላል። በድንጋጤ አይደለም። ሰውዬው የሌላ ሴት ከነበረ ለምን አለቅስለታለሁ ብላ ነው። ፊርማው ሳይረጋገጥ ማኅተም አይመታም፤ እሷ የምታውቀው ሥራ ይሄ ነው። እንባው ግን አለ።

ደግሞ አንዱ ነገር ሌላውን እየጎተተ ይመጣል። ከሥራ ሲመለስ መታጠፊያው ጋ መኪናውን አቁሞ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻውን ይቀመጥ እንደነበር አስታወሰች። ስንት ጊዜ ከበረንዳ አይታዋለች። ምን ሆነህ ነው ስትለው፣ ድካሜን ላራግፍ ብዬ ይላል። የሚደውልላት ሴት ብትኖርስ ብሎ ያኔ የጠረጠረ ማን ነበር? አሁን ግን ጠረጠረች፤ እቴቴም "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" እያለች ከፔርሙሱ ቡና በቀዳች ቁጥር ትደግምላት ነበር።

ከቀትር በኋላ አንድ የዳቦ መኪና ሹፌር መጣ። ወፍራም፣ ራሰ በራ፣ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። እግዜር ያጽናሽ ብሎ ከአምቡላንስ ሹፌሯ ትይዩ ተቀመጠ። ቡና ተሰጠው። ሐሳብ ይዞት ጭልጥ ሲል ጣቶቹ ሲኒውን መምታት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ቀስ፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርገው። ያን ጊዜ ሌንስ በዓይኗ በብረቱ ያየችውን አየች። የሰውዬው ግራ እግር ከወለሉ ቀስ ብሎ ተነሣ። በዚያችው ቅጽበት ከማዶ የልጅቷም ግራ እግር ተነሣ። ሁለቱም አልተያዩም፤ ሁለቱም ማድረጋቸውን ያወቁ አይመስሉም።

እቴቴ ጓዳ ጠርታ ወሰደቻት። "ከልጅቷ ጋር ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳየው ግን ማኅበር ነው" አለቻት።

"የምን ማኅበር?"

"ስውር ከሆነ እኔ እንዴት አውቃለሁ?"

በሌላ ቀን ቢሆን ሌንስ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ያን ቀን ግን ማኅበርም ይሁን ውሽማ፣ ከማታውቀው ሰው ጋር እንደኖረች ብቻ ነበር የተሰማት።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ እንደገና መጡ። ሦስተኛ ሰውም አስከትለዋል፤ ቀጭን፣ ረጅም የጥርስ ሐኪም ነው። ሳሎን ብዙም አልቆዩም። ሌንስ በመስኮት ስታይ፣ ግቢው ውስጥ የቆመችውን የጋሼ ፍሬንን ነጭ መኪና ከበዋታል። ጣሪያዋ ላይ "ለማጅ" የሚለው ሰሌዳ እንዳለ ነው። የዳቦው ሹፌር እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ በመስታወቱ ወደ ውስጥ ያያል። ልጅቷ የሆነ ነገር በጣቷ ታሳየዋለች። አንድ ነገር ደብቀውባታል ማለት ነው፤ ሌንስ ሌላ ምን ትበል? ቁልፉን ከምስማሩ አነሣችና ወጣች።

"ምን ጠፍቷችሁ ነው?" አለች።

ሦስቱም አፈሩ። የዳቦው ሹፌር ጉሮሮውን ጠረገ። "ካሴቱ እስካሁን አለ ወይ ልንል ነው እንጂ፣ እትዬ፣ ለክፋት አይደለም።"

"የምን ካሴት? የዚህች መኪና ቴፕ አይሠራም። ከተበላሸ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ራሱ ነው የነገረኝ።"

ተያዩ። እንዲህ ያለ መተያየት ሌንስ ታውቃለች፤ የባንኩ መስኮት ላይ የሌላ ሰው ደብተር ይዘው የሚመጡ ሰዎች እንዲህ ነው የሚተያዩት።

"ይሠራል" አለች የአምቡላንስ ሹፌሯ ቀስ ብላ። "ሁላችንም በሱ ነው የተማርነው።"

ከዚያ ሦስቱም እየተቀባበሉ ነገሯት። መኪናዋ ስትገዛ ውስጧ አንድ ካሴት ተቀርቅሮ ነበር፤ አልወጣም አለ። የሮክ ካሴት ነው፣ ዝገት የሚባል ባንድ። ጋሼ ፍሬን የባንዱን ስም እንኳ አያውቅም ነበር፤ ወረቀቱ ተልጧል። ግን መኪና ማስነሣት የሚያስተምረው በመጀመሪያው ዘፈን ነበር። ወደ መጀመሪያው ያጠነጥነዋል። ጊታሩ ሲጀምር በግራ እግር ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ ማርሽ ይገባል፤ ከበሮው ሲገባ ፍሪሲዮኑ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ያኔ መኪናዋ ሳትዘል፣ ሳትጠፋ፣ እንደ ውኃ ትሄዳለች። እንዲህ ብሎ ያስተማረው ሰው ለቁጥር ያስቸግራል።

ሦስቱም የተናገሩት አንድ ቃል ነው። ሌንስን ያሳሰባት ደግሞ ይኸው ነው። ሦስት ፊርማ ምንም ሳይዛነፍ ከገጠመ የጻፈው አንድ እጅ ነው፤ እውነተኛ ፊርማ ሁልጊዜ ትንሽ ይለያያል። ስለዚህ ያደረገችው ነገር ከሐዘንተኛ የሚጠበቅ አልነበረም። በረንዳው ላይ ወንበር አስቀምጣ አንድ በአንድ ጠራቻቸው፤ ዘፈኑን እንዴት እንደ ሰማው፣ መቼ እንደ ወደደው፣ እያንዳንዱ ለብቻው እንዲነግራት።

የዳቦው ሹፌር መጀመሪያ ጠልቶት ነበር። ይሄ ሙዚቃ ነው ወይስ ቆርቆሮ የሚቀደድ ብሎ ጋሼ ፍሬንን ጠይቆታል፤ እኔም ወር ሙሉ ጠልቼዋለሁ፣ ታገሠው ብሎ መለሰለት። ፈቃዱን አውጥቶ ብቻውን የወጣ ቀን ዳገት ላይ መኪናው አራት ጊዜ ጠፋበት፣ ከኋላው ያለው ሰው ሁሉ ጡሩምባ ለቀቀበት። በመጨረሻ ዘፈኑን ራሱ ዘፈነው፤ መኪናው ተነሣ። በማግስቱ የማን ዘፈን እንደሆነ ሊያውቅ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ባለሱቁ ፊት ሲያንጎራጉር ዋለ። የጥርስ ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው ያለፈው ፈታኙ አጠገቡ ተቀምጦ እያለ ዘፈኑን በአፍንጫው እያዜመ ነው። አሁን ጥርስ ሲነቅል ያጫውተዋል፤ ሕመምተኛው ምን እንደሚል ግን አልተናገረም።

ልጅቷ መጨረሻ መጣች። እሷ የባንዱን ስም ያወቀችው ፈቃድ ካወጣች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የሙዚቃ ድግሳቸው ላይ ገባች። የመጀመሪያው ዘፈን ተጀመረ፤ ከበሮው ሲገባ ከፊቷ ያለው ረድፍ በሙሉ ግራ እግሩን አነሣ። አጠገቧ ያለችውን ሴት "አንቺም የጋሼ ነሽ?" አለቻት። ነበረች። ከበሮ መቺው ራሱ ዘፈኑን አቋርጦ፣ የሌላው አገር ሰው እጁን ያነሣልናል፣ የእናንተ ከተማ ለምን እግሩን እንደሚያነሣ አንድ ሰው ያስረዳኝ አለ። ያን ዕለት ሲዘፍኑና ሲሳሳቁ አመሹ።

"ለጋሼ ስነግረው መንገድ ላይ ስለነበርን በሳቅ ብዛት መኪናውን ዳር አስያዘኝ" አለች። "ከዚያ ቲኬት ልቁረጥልህ፣ አንድ ቀን ሄደህ እያቸው አልኩት።"

"ሄደ?"

"አልሄደም።" ልጅቷ መሬት መሬት አየች። "ባለቤቴን ትቼ አልሄድም አለኝ። እሷ ደግሞ አትወደውም አለ።"

ሌንስ ወደ መታጠፊያው አየች።

"እናንተ ሰፈር ጋ ስንደርስ፣ መታጠፊያው ጋ፣ ዘፈኑን ይጨርሰውና ድምፁን ዜሮ ያደርገዋል። ሚስቴ ቤት ናት ይላል። እኔ ይቆጡታል መስሎኝ ነበር።"

ታሪካቸው ትንሽ ትንሽ ተለያይቷል፤ እውነተኛ ፊርማ እንደሚለያየው። ውሽማ አልነበረም፤ ማኅበርም አልነበረም። አሥሩ ደቂቃ ዘፈን የሚጨረስበት ነበር። ሌንስ ይሄን ሁሉ አምና ተቀብላ ሳታበቃ ሌላ ነገር መጣባት፤ ረስታው የነበረ ነገር ነው።

በተጋቡ በአምስተኛው ዓመት፣ መኪናዋን የገዛ ሰሞን፣ ነይ ብሎ ሜዳ ወሰዳት። በዚህች መኪና የመጀመሪያ ተማሪዬ አንቺ ነሽ አላት። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ነገር ሲያሰላ እንደ ሰነበተ ያስታውቅ ነበር። መሪው ላይ አስቀመጣትና፣ ዘፈኑን ስሚው፣ ጊታሩ ሲጀምር ትረግጫለሽ፣ ከበሮው ሲገባ ቀስ ብለሽ ትለቂያለሽ አላት። ለሷ ብሎ ነበር ያሰላው። እሷ ራሷን ያማት ነበር፤ ሥራ ላይም ተጣልታ ነበር የዋለችው። ይሄን ጩኸት ካልዘጋህ እወርዳለሁ አለችው። ዘጋው። እሷ ግን ወረደች፤ በእግሯ ቤት ገባች። በማግስቱ ቴፑ ተበላሽቷል አላት። እሷም "እሰይ" አለች፤ እሰይ ነበር ያለችው። ከዚያ ወዲያ ንጂ ብሎ ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ለምን እንደ ተወ ጠርጥራ አታውቅም።

ሌንስ ማጉያ መነጽሯን ሰው ሁሉ ላይ ስታነጣጥር ኖራ አንድ ቀን እንኳ ወደ ራሷ አላዞረችውም። ያ ሰው የሚወደውን ነገር ይዞ ለከተማው ሁሉ አከፋፈለው፤ ቤቱ በር ሲደርስ ግን አፉን ዘጋ። እሷን ላለማስቀየም ብሎ ነው። ይሄ ከውሽማ ይልቅ አንጀቷን በላው።

ወደ መኪናዋ ሄደችና በሹፌሩ በኩል ገብታ በሩን ዘጋች። እቴቴ በረንዳው ላይ ሆና ሐዘን ቤት ነው፣ ሰው ምን ይላል አለች፤ የሰማት የለም። ልጅቷ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ ቁልፉን አንዴ ብቻ እንድታዞረው፣ የቴፑን ማጠንጠኛም በአውራ ጣቷ እንድትጫነው ነገረቻት። ከዚያ ፈቀቅ አለች።

ካሴቱ አርጅቷል፤ ጊታሩ ጉንፋን ይዞታል። ሌንስ ገና ሲጀምር ነው የፈረሰችው። ከሳምንት ጀምሮ ይዛው የነበረው ሁሉ ወጣ፤ ግንባሯን መሪው ላይ አድርጋ ጮኻ አለቀሰች፣ ሳሎን ያሉት ሴቶችም ሰምተዋት አብረዋት አለቀሱ። ቀና ስትል ዘፈኑ ተጋምሷል። ከበሮው መቼ እንደ ገባ አልሰማችም።

አፍንጫዋን በእጀታዋ ጠረገች። ወደ መጀመሪያው አጠነጠነችው። ጊታሩ እንደገና ሲጀምር ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረገጠችና ጠበቀች። ሞተሩ አልተነሣም፤ መኪናዋም የትም አትሄድም። ከበሮው ሲገባ ግራ እግሯን ቀስ አድርጋ፣ በጣም ቀስ አድርጋ፣ ለቀቀች።