ማንም ያልከፈተው ፋይል

እትዬ ጸጥታ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው፤ ፊት ለፊት ግን ማንም ደፍሮ አይጠራቸውም። የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ሲጠብቁ ነው ጸጉራቸው የሸበተው። ከሹክሹክታ በላይ የወጣ ድምፅ አይወዱም፤ ከዚያ ይበልጥ ግን ቦታ ይዞ የሚቀመጥ ነገር አይወዱም። ዓመቱን ሙሉ ማንም ያልተዋሰው መጽሐፍ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ከመደርደሪያ ይወርዳል። ይኼ ሕጋቸው ነው፤ ርእሰ መምህሩ እንኳ አይከራከሯቸውም።

አምና የኮምፒውተር መምህሩ መጣና፣ «ከእንግዲህ የተማሪዎች ሥራ፣ ጽሑፉም ድምፁም፣ ክላውድ ላይ ነው የሚቀመጠው። ፍላሽ ጠፋብኝ፣ ኮምፒውተሩ ተበላሸብኝ ብሎ ነገር አበቃ» አላቸው።

ነገሩ አልተዋጠላቸውም። «የት ነው ያለው ግን?»

«ሌላ ቦታ ያለ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ። በኢንተርኔት ከየትም ይከፈታል።»

«ቁልፉስ ማን ጋ ነው?»

«የቤተ መጻሕፍቱ ፎልደር ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው፣ እትዬ።»

ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ቁልፍ ከሰጧቸው ምን ቸገራቸው! ፎልደሩን ልክ እንደ መደርደሪያቸው ያዙት። ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ዘንድሮ ፈተና እንዳለቀ ክላውዱ «ቦታ እየሞላ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። እትዬ ጸጥታ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ዓመቱን ሙሉ ያልተከፈተውን ፋይል እየለዩ ጠራርገው አጠፉ። የተጣለው የሚጠራቀምበትን ቅርጫትም ባዶ አደረጉት፤ ቆሻሻ ማሳደር የማይወዱ ሰው ናቸው። ያን ቀን ጥሩ ሥራ ሠራሁ ብለው ነው ቤታቸው የገቡት፤ እስቲ ማን ይፈርድባቸዋል?

በሳምንቱ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ መጥታ ጠረጴዛቸው አጠገብ ቆመች። በዓመቱ መጀመሪያ እናቷ የሞተችባት ልጅ ናት። አምና በንባብ ሳምንት እናቷ እዚሁ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብላ ተረት አንብባላት ነበር። ክፍሉ በሙሉ እንዳደረገው፣ እነሱም ንባቡን በታብሌት ቀድተው ክላውድ ላይ ጫኑት።

«እትዬ፣ የእማዬ ድምፅ ያለበትን ፋይል አጣሁት» አለች።

«ከፍተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። አልቻልኩም ነበር። ዛሬ ግን ልሞክር ብዬ መጣሁ።»

እትዬ ጸጥታ ክው አሉ። «ድምፅዋ ሌላ ቦታስ የለም? ስልክ ላይ?»

«የለም። ድምፅዋ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው።»

ኢንተርኔቱ በላው ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ግን ዓይኗን እያዩ እንዴት ብለው ይዋሹ? «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ልጄ። ዓመቱን ሙሉ ያልተከፈተ ነገር ማን ይፈልገዋል ብዬ።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻላቸው ነበር። «እሺ» ብላ ብቻ ቦርሳዋን ስታነሳ አንጀታቸውን በላችው።

«ቁጭ በይ። እንዳትሄጂ» አሏትና ወጡ። ኮሪደር ላይ የሮጠን ተማሪ ሁሉ ሲቆጡ የኖሩት ሴትዮ፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በሩጫ ኮምፒውተር ክፍል ገቡ።

መምህሩ ነገሩን ሰምቶ ራሱን ያዘ። «ቅርጫቱንም ባዶ አድርገውታል?»

«ምንም አላስቀረሁም።»

«አይ እትዬ! ቅርጫቱ ባዶ ከሆነ በኋላም ለጥቂት ቀን ዋናው አስተዳዳሪ ሊመልሰው ይችላል። ቀኑ ካላለፈ ነው እንግዲህ።» በአስተዳዳሪው መለያ ገብቶ መፈለግ ጀመረ። እሳቸው ቆመው ይጸልያሉ። ኢንተርኔቱ ደግሞ እንደዚያን ቀን ተጎትቶ አያውቅም።

«መጣ» አለ በመጨረሻ።

ሲመለሱ ልጅቷ ካስቀመጧት ቦታ አልተነሳችም። «ተገኘ» ብለው ጆሮ ማዳመጫ ሰጧት። እሷ ግን አንዱን ጫፍ መልሳ ዘረጋችላቸው፤ «ብቻዬን አልችልም፣ እትዬ።»

ጎን ለጎን ተቀምጠው ከፈቱት። እናቲቱ ጅብ እየሆነች፣ አህያ እየሆነች ታነባለች፤ ልጅቷ ትንከተከታለች፤ እናት ራሷ ሳቋ እያመለጣት ታቋርጣለች። ወዲያው ከኋላ አንድ ቆጣ ያለ ድምፅ ገባ፦ «እባካችሁ! እዚህ ሰው ያነባል።» ከዚያ በኋላ እናቲቱ ጮክ አላለችም። ተረቱን እስከ መጨረሻው በሹክሹክታ ጨረሰችው።

እትዬ ጸጥታ የገዛ ድምፃቸው አልጠፋቸውም። ማዳመጫውን ከጆሯቸው ነቀሉት። «ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው! ያን የመሰለ ሳቋን እኮ እኔ ነኝ ያቋረጥኩብሽ…»

«ዝም ይበሉ፣ እትዬ» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ጨፍና። «ማታ ስታስተኛኝ እንደዚህ ነበር የምታወራኝ።»

እትዬ ጸጥታ ዝም አሉ። ማዳመጫውን መልሰው ጆሯቸው ላይ አደረጉና ከመጀመሪያው ጀምረው አብረው ሰሙት።