ወንድምየው የማይሞትበት መጽሐፍ

ዊለታ ብራንት የሥራ ባልደረባዋን ካርዶች በየጠዋቱ ታነብ ነበር። የምታነባቸው ለመናቅ ነው። ዱሉት በምትባለው የአሜሪካ ከተማ ውስጥ፣ ከሐይቁ ከፍ ብላ ባለችው የሃውገን መጽሐፍ መደብር፣ ለአፍላ ወጣቶች የተጻፉ ልብወለዶች አንድ ሙሉ ግድግዳ ይዘዋል። እያንዳንዱ ሠራተኛ የወደደው መጽሐፍ ሥር በእጁ የጻፋትን ትንሽ ካርድ ይለጥፋል፤ ገዢም ካርዷን አይቶ ይመርጣል። ዊለታ መብራቱን ታበራና ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ ግድግዳው ፊት ትቆማለች። "ልቤን ሰበረው" ይላል የዴስሞንድ ካርድ። ቀጥሎ ያለው ደግሞ "ይኼም ልቤን ሰበረው" ይላል። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ የተሳለ ልብ አለ።

"ስንት ልብ ነው ያለው ይኼ ልጅ?" ትላለች ለራሷ።

ዴስሞንድ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ጥፍሮቹን አረንጓዴ ይቀባል፤ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ አሳዛኝ ቦታ ሲደርስም ደንበኛ ፊት እንባውን ያወርደዋል። እሱን እንኳ ትችለው ነበር። ያልቻለችው ቀርፋፋነቱን ነው። አንድ መጽሐፍ ለመጨረስ ወር ይፈጅበታል፤ ያውም እንደ ማንኛውም መንገደኛ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ከዋለ በኋላ ገዝቶ ነው የሚያነበው። የመጽሐፍ ሻጭ እንዲህ ካደረገ ዳቦ ጋጋሪ ሱቅ ሄዶ ዳቦ ገዛ ማለት ነው ትላለች ዊለታ።

እሷ ከአሳታሚዎች ነው የምትቀበለው። መጽሐፉ ሊወጣ ግማሽ ዓመት ሲቀረው፣ ለመጽሐፍ ሻጮች ብለው የሚልኩት የመጀመሪያ ቅጂ አለ፤ ሽፋኑ ላይ "ያልታረመ፣ ለሽያጭ የማይቀርብ" ተብሎ ይታተምበታል። ዊለታ እሱን በአንድ ቅዳሜና እሁድ ትውጠውና ታሪኩ ለሌላው ሰው አዲስ ሲሆን ለእሷ ያረጀ ወሬ ይሆናል። ከሃያ ዓመት በላይ የኖረችው እንደዚህ ነው። በከተማው "ዊለታ ጥሩ ነው ካለች ጥሩ ነው" ይባላል፤ ይህን ወሬ ከሁሉም አብልጣ የምታምነው ራሷ ናት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብሎ የሚተርትባት አልነበረም።

ገዢዎቹንም ቢሆን አትወዳቸውም። አያት ለመሆን ምንም ያልቀራቸው ሴቶች፣ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የተጻፈ የፍቅር ታሪክ ደረታቸው ላይ አቅፈው ይመጡና "ለእህቴ ልጅ ነው" ይላሉ። ዊለታ መጠቅለያ ወረቀቱን እየቆረጠች "ጎሽ፣ ስሟ ማነው?" ትላቸዋለች። ስም እስኪፈጥሩ ድረስ ፊታቸው ሲቀላ ማየት ከቀኑ ደስታዎቿ አንዱ ነበር።

ብሪን ከእናቷ ጋር የመጣችው በመጋቢት፣ በረዶው ጠቁሮ ጭቃ በሆነበት ሰሞን ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የለበሰችው የወንድ የሥራ ጃኬት እጅጌው ጣቶቿን ውጧቸዋል። ዊለታ ከላይ እስከ ታች አየቻትና ልኳን የምታውቅ ልጅ እንኳ ጠፋች ብላ አሰበች። እናትየው መደርደሪያዎቹ መሀል ዊለታን ጠጋ አለቻትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። ልጅቷ ድሮ በሳምንት ሁለት መጽሐፍ ትጨርስ ነበር። በኅዳር ታላቅ ወንድሟ ኮልቢ መኪናው በረዶ ላይ ተንሸራቶ ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም አልገለጠችም። ጃኬቱ የእሱ ነው። ዊለታ አዝናለሁ አለች፤ ሰው እንደሚለው ያህል።

ብሪን የመጣችበትን ራሷ ተናገረች። "ወንድምየው የማይሞትበት ካለ አነባለሁ። የሚሞት ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ።"

የመጽሐፍን መጨረሻ ተናግሮ መሸጥ በሙያው ነውር ነው። ዊለታ እንዲህ የሚያደርጉትን ስትሰድብ ኖራለች። ግን ያች ልጅ መልሳ የምታነበው በእሷ ምርጫ ቢሆን ብላ አሰበችና ሐሳቡ ጣፈጣት። እጇን ሰደደችና ከሳምንት በፊት በካርቶን የገባውን "ጭስ የሸተተው ካፖርት" አወጣች። ከሥሩ የእሷ ካርድ አለ። ታሪኩ የደን እሳት ለማጥፋት ሄዶ ስለጠፋ ወጣትና ካፖርቱን ይዛ ስለምትጠብቀው እህቱ ነው።

"ይጠፋል፣ ግን አይሞትም" አለቻት። "መጨረሻው ገጽ ላይ በኩሽና በር ይገባና 'ካፖርቴን የት አደረግሽው?' ይላታል። ቃሌ ነው።"

ብሪን እጅጌዋን አየች።

ዴስሞንድ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ሆኖ ሰምቷል። እሱም ያንኑ መጽሐፍ ጀምሯል፤ ገና ሩቡ ጋ ነው። ትንሽ ቀን ቢሰጡት ጨርሶት ቢነግራቸው እንደሚሻል፣ የታሪኩ አካሄድ እንዳላማረው እየፈራ ተናገረ። ዊለታ በዓይኗ ቂጥ አየችው።

"አንተ እስክትጨርስ እኮ ልጅቷ ታገባለች።"

እናትየው ለጨዋነት ሳቀች። መጽሐፉን ገዝተው ሄዱ። ዊለታ ሳምንቱን ሙሉ ደረቷን ነፍታ ከረመች። መጽሐፍ መጠቆም ልብ መሣል እንዳልሆነ፣ የሰውየውን ሕመም አይቶ መድኃኒቱን ማወቅ እንደሆነ ለዴስሞንድ ደጋግማ አስረዳችው። እሱም እሺ እያለ ገጹን አንድ በአንድ ይገልጥ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቁ ሞልቶ ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። ብሪን ብቻዋን ገባች፣ ተራዋን ጠበቀች፣ መጽሐፉን ዊለታ ፊት አስቀመጠችው።

"ሞተ" አለች።

"ማን?"

"ወንድሟ።"

ዊለታ ፈገግ አለች። ገጽ እየዘለሉ አነበብን ለሚሉ ሰዎች ያስቀመጠችው ፈገግታ ነው። ከዚያም ወረፋው እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ የዛሬ ልጆች መሀሉ ላይ ሲከፋቸው መጽሐፉን ዘግተው እንደሚያለቅሱ፣ መጨረሻ ማንበብ የሚባል ነገር እንደቀረ ተናገረች።

"ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት" አለች ብሪን። "ሁለተኛውን ያነበብኩት እሱ የሚመጣበትን ዘልዬው ይሆናል ብዬ ነው።"

ይህን የሰማ ጤነኛ ሰው አፉን ይዘጋ ነበር። ዊለታ ግን መጽሐፉን ገለበጠችና የመጨረሻውን ገጽ አውጥታ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ውሃው ፈላ። እህትየው ወደ ኩሽናው በር ዞረች። ከበሩ በስተጀርባ ንፋስ ብቻ ነበር። ካፖርቱን አጣጥፋ…

እዚያ ላይ ቆመች። አንድ ገጽ ወደ ኋላ ሄደች፤ የለም። ወደ ፊት ገለጠች፤ ታሪኩ አልቆ የደራሲዋ ምስጋና ነው ያለው። ዊለታ በሥራ ዘመኗ ምስጋና አንብባ አታውቅም፤ የሰነፍ ንባብ ነው ትለዋለች። አሁን አነበበችው። ደራሲዋ በመጨረሻው ሰዓት "ይህ ልጅ መመለስ የለበትም" ለማለት ድፍረት ያገኘችውን አርታኢዋን ታመሰግናለች።

ሰው ሲሳሳት ይቅርታ ይላል፤ ዊለታ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አለች። አሳታሚዎቹ ቀይረውት እንደሆነ፣ ለእሷ ማንም እንዳልነገራት፣ በእንዲህ ያለ አሠራር ሰው መጽሐፍ መሸጥ እንዴት እንደሚችል እያወራች ወደ ጓዳ ገባች። የመጀመሪያው ቅጂ መስኮት እንዳይዘጋ ተወትፎ ነበር። ከዚያ መዝዛ አመጣችውና የመጨረሻውን ገጽ ልጅቷ ፊት ዘረጋችው። "ይኸው፣ እይው። አልዋሸሁሽም።"

ብሪን ቆማ አነበበችው። ወንድምየው በኩሽናው በር ገብቷል፤ ቦት ጫማው ጭቃ ነው፤ ካፖርቴን የት አደረግሽው ይላል። ልጅቷ ገጹ ላይ ቆየች። ዴስሞንድ የጀመረውን ጥቅል ትቶ ሪባኑን እንደያዘ ቀረ።  ከዚያ ብሪን መጽሐፉን ዘጋችውና ሽፋኑን አየች።

"ያልታረመ ይላል።"

"አዎ፣ ከመታተሙ በፊት የተላከ ስለሆነ ነው" አለች ዊለታ።

"እና መመለሱ ስህተት ነበር ማለት ነዋ። አረሙት።"

 ዊለታ እፍረት ሲሰማት ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም፤ ጆሮዋን የሚያቃጥለው ግን የመጀመሪያው ነው። ሌላ የምትሰጠው ነገር ስለሌላት ቅጂውን ገፋ አደረገችላት። እንደማይሸጥ፣ በነጻ መውሰድ እንደምትችል ነገረቻት።

ልጅቷ በረጅሙ እጅጌዋ መልሳ ገፋችው። ቀና ብላም አየቻት። ዊለታ ያንን አስተያየት ታውቀዋለች፤ በየጠዋቱ ግድግዳው ፊት ቆማ የዴስሞንድን ካርዶች የምታየው በዚያ ዓይን ነበር።

"እርስዎ ይያዙት" አለች ብሪን። "እርስዎ ትክክል የሆኑት እሱ ላይ ነው።"

የራሷን መጽሐፍ ግን አልመለሰችውም። ብብቷ ሥር ከተተችውና ወደ ዴስሞንድ ዞረች።

"አንተስ የት ደረስክ?"

"ገና ነኝ" አለ ዴስሞንድ፤ ዓይኑ ቀልቷል። "እናትየው ካፖርቱን ልታጥበው ነው።"

"እዚያ ጋ ቀስ በል። ከዚያ በኋላ ሽታው የለም።"

ዴስሞንድ አንገቱን ነቀነቀ። ልጅቷ ወጣች፤ የበሩ ደወል አንዴ ጮኸ፤ በመስታወቱ ውስጥ ጃኬቱ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ሲሄድ ታየ። ዊለታ ቅጂዋን እንደያዘች ቀረች። ወረፋው አንድ እርምጃ ተጠጋ። ተራዋ የደረሰው ሴትዮ ወፍራም የፍቅር ልብወለድ አቅፋለች፤ ሳትጠየቅ ለእህቴ ልጅ ነው አለች። ዊለታ ስሟን አልጠየቀቻትም።

"ጥሩ ነው አይደል?" አለች ሴትዮዋ። "መጨረሻው አያሳዝንም?"

"አላነበብኩትም።"

ሴትዮዋ ግራ ገባት። "ካርዱ ላይ እኮ የእርስዎ ስም ነው ያለው።"

"አዎ" አለች ዊለታ፣ በእጇ ያለውን ያልታረመ ቅጂ እያየች። "አላነበብኩትም።"