ያላጨስኩት ሲጋራ

እኔ ሰው አላምንም። ለመኩራራት ብዬ አይደለም፤ ተፈጥሮዬ ነው። ሥራዬ ሶፋ መሥራትና ማደስ ነው፤ ከላይ ጨርቁ የሚያብረቀርቅ፣ ሲገለጥ ግን ውስጡ ቡቱቶ የታጨቀበት ስንት ወንበር በእጄ አልፏል። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ያወራዋል፣ እኔ ግን እኖርበታለሁ። ልጄ ያን ሲጋራ ማቆሚያ አፕ ስልኬ ላይ የጫነችልኝ ቀንም መጀመሪያ የጠየቅኋት «ይሄ ነገር ለማን ነው የሚያሳብቅብኝ?» ብዬ ነው።

«ለማንም አባዬ። የሚያወራው ከአንተ ጋር ብቻ ነው።»

አላመንኳትም፤ ግን ዝም አልኩ። የልጄ ልጅ ያለጊዜው ነው የተወለደው። ሳንባው ገና አልጠናም፤ ሐኪሙም ሲጋራ የሚጨስበት ቤት ደጃፍ እንዳይደርስ ብሏል። የልጄ የወሊድ ፈቃድ ደግሞ ሊያልቅ ነው። ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑን አምና የምትሰጠው ለእኛ ነበር፤ እኛ ቤት ግን እኔ አለሁ፣ እኔ ካለሁ ደግሞ ሲጋራ አለ። «ወይ ሲጋራህን ወይ የልጅ ልጅህን ምረጥ» አለችኝ። ያን ሕፃን ያቀፍኩት ሆስፒታል ውስጥ አንዴ ብቻ ነው፤ ጣቴን ጨብጦ አልለቅም አለኝ። ምን ምርጫ አለው?

የአፑ አሠራር ቀላል ነው። መጀመሪያ ሰሞን ባጨስኩ ቁጥር አንዲት ቀይ ምልክት እጫናለሁ፤ ስልኩ የት ቦታ ሆኜ እንደተጫንኩ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ቦታ ስጠጋ ይነዝርና በሴት ድምፅ ይናገራል። በድምፅ ያደረገችልኝ ልጄ ናት፤ ያለ መነጽር ፊደሉ ጉንዳን ነው የሚመስለኝ። «እዚህ ቦታ ታጨስ ነበር። አይዞህ፣ በረጅሙ ተንፍስ፤ ውሃ ጠጣ» ትላለች። ከወርክሾፑ ጀርባ ካለው ግንብ ሥር ስደርስ ትናገራለች። አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ትናገራለች። ወሬ ስለማይጠግብ «ሬዲዮ» የምንለው የሥራ ባልደረባዬ «ሁለተኛ ሚስት አገባህ እንዴ? ይቺ ደግሞ ከመጀመሪያዋ ትብሳለች!» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ያሹፍ። እኔ ሲጋራውን ተውኩት። ማስቲካ እያኘክሁ፣ በሰበብ አስባቡ ከሰው እየተጣላሁ፣ ስፖንጅ በቆረጥኩ ቁጥር የሰው አንገት የቆረጥኩ እየመሰለኝ፣ ግን ተውኩት።

አንድ ቀን ፎጣ ላነሳ ጓሮ ወጣሁ። ከውሃው በርሜል አጠገብ ስደርስ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። «እዚህ ቦታ ታጨስ ነበር። አይዞህ...»

እኔ? እዚህ? በዕድሜዬ ከዚያ በርሜል አጠገብ አጭሼ አላውቅም። ጓሮው የባለቤቴ ግዛት ነው፤ ሳፋዋ፣ የልብስ ገመዷ፣ ሳሙናዋ። እኔ አጨስ የነበረው በር ላይ ቆሜ፣ አላፊ አግዳሚውን እያየሁ ነው። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ልጄ ሕፃኑን ለባሏ ትታ መጣች። እንደ ልማዷ ገና ከመግባቷ አየሩን አሸተተች። ከዚያ ስልኬን ተቀብላ በአፑ ላይ ያለውን ካርታ ከፈተች።

«አባዬ።»

«አቤት።»

«በዚህ ሳምንት እዚሁ ቤት አጭሰሃል።»

«አላጨስኩም!»

«ራስህ ተጭነኸዋል እኮ። ያውም ደጋግመህ።»

«ስልኩ ይዋሻል።»

«ስልክ ምን አግኝቶ ይዋሻል? ቤቱም ይሸታል።»

«መጋረጃው ነው» አለች ባለቤቴ ፈጠን ብላ። «የስንት ዓመት ጭስ ነው የጠጣው። ነገ አጥበዋለሁ።»

«እማዬ፣ አንቺማ አጥበሽ አጥበሽ አለቅሽ» አለቻትና ወደ እኔ ዞረች። «ብታጨስ እንኳ እውነቱን ብትነግረኝ ይሻለኝ ነበር።» ሳትስመኝ ወጣች።

አቤት እንዴት እንደነደድኩ! አጭሼ ቢሆን ቢያንስ ሱሴን አርክቼ እሰደብ ነበር። ባልዋልኩበት ተከስሼ፣ የሚፈርድብኝ ደግሞ ስልክ!

መጠርጠር ጀመርኩ። ለነገሩ መቼ አቁሜ አውቃለሁ። መጀመሪያ ሬዲዮን ያዝኩ። ዓመታት ሙሉ ከፓኮዬ ሲጋራ ይጎድል ነበር፤ ሌባው እሱ ለመሆኑ እርግጠኛ ነበርኩ። አሁንም «አንዴ ልደውል» እያለ ስልኬን ይወስዳል። ግን ምልክቱ የተደረገው የእኔ ጓሮ ውስጥ ነው፤ ሬዲዮ ደግሞ ቤቴን ረግጦ አያውቅም። ቀጥሎ ባለሱቋን ጠረጠርኩ። በደጇ ሳልፍ ፈገግ ብላ «ዛሬስ አይልኩም እንዴ ጋሼ?» አለችኝ። «ምን ልላክ?» ስላት ደንገጥ አለችና ሳሙና መደርደር ያዘች። ነገር አለ አልኩ በልቤ። ሰፈሩ ሁሉ አውቆት እኔ ብቻ ያላወቅሁት ነገር አለ።

ቤት ውስጥ ያለነው ሁለት ነን። እኔ ካልሆንኩ ማን ነው? ይህን ያሰብኩት ተንበርክኬ የሶፋ እግር ስመታ ነው፤ አውራ ጣቴን በመዶሻው አገኘሁት። ባለቤቴ! ማታ ቴሌቪዥን ፊት እንቅልፍ ሲወስደኝ ስልኬን ጓሮ ይዛ እየወጣች ቀዩን ትጫናለች። ለምን? ሕፃኑ እንዳይመጣ ነዋ! «በዚህ ጉልበቴ እንደገና ሽንት ጨርቅ ልጠብ?» ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ያኔ እንደ ቀልድ ነበር ያለችው። እሷ እንዳትደክም እኔ ውሸታም ልባል፣ የልጅ ልጄን ልነፈግ? ያን ሳምንት ሙሉ ፊት ነሳኋት። «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ «ምን ሆንኩ?» እላታለሁ።

እሁድ ከምሳ በኋላ እጅ ከፍንጅ ልይዛት ተነሣሁ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቼ አልጋዬ ላይ ተጋደምኩና ማንኮራፋት ጀመርኩ። ሳይተኙ ማንኮራፋት ለካ ከባድ ሥራ ነው። ብዙም ሳይቆይ ኮቴዋ ተሰማኝ። ገባች፣ ቆም ብላ አየችኝ፣ ስልኩን አነሳች። የጓሮው በር ሲከፈት ተነሥቼ በባዶ እግሬ ተከተልኳት።

ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ ሆኜ አየሁ። ባለቤቴ ሳፋ ደፍታ ተቀምጣለች። በአንድ እጇ ስልኬ፣ በሌላው ያልተለኮሰ ሲጋራ። «አይዞህ» ትላለች የስልኩ ሴትዮ፤ «በረጅሙ ተንፍስ።» ባለቤቴ «እሺ» ትልና ትተነፍሳለች። ወንድ አድርጋ ማናገሯ ግድም አልሰጣት። «ውሃ ጠጣ» ስትላት አጠገቧ ካለው ጣሳ ትጎነጫለች። ታገለች፣ ታገለች፤ በመጨረሻ ክብሪት ጫረች። ስባ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ሲጋራውን ሳትጨርስ ቀይዋን ምልክት ተጫነች።

አንሶላውን ገለጥኩት። «አንቺ ሴትዮ!»

ሲጋራው ከእጇ ወደቀ። «በሞቴ አትጩህ፤ ጎረቤት ይሰማል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ልጅቷ ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ፤ ቤቱ ጭር ሲልብኝ። ከአንተ ፓኮ ነበር የምወስደው። አንተ ስታቆም ደግሞ ‹እሱ ልኮኝ ነው› እያልኩ ከሱቅ።»

«እኔ ውሸታም ስባል ቆመሽ ሰማሽ!»

«ሰማሁ» አለች። አንገቷን ደፋች።

«እኔ እኮ ልጁ እንዳይመጣ ብለሽ የምትጫኚ መስሎኝ ነበር።»

ይህን ስላት ቀና አለች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። «እንዳይመጣ? እንዲመጣ ብዬ አይደል የምታገለው? ማንን እርዳኝ ልበል? አንተን? አንተ ስታቆም ቤቱን በጩኸት አናወጥከው! የእኔ ባለ ቁልፍ ስልክ እንዲህ አታወራም። ይቺ አትሳደብም። ‹አጨስኩ› ስላት ‹ነገ እንደገና እንሞክራለን› ትለኛለች።»

«ታዲያ ባትጫኚው ማን ያውቅ ነበር?»

«እውነቱን ካልነገሯት አትረዳም ብላ የለ ልጅቷ አፑን ስትጭንልህ» አለች።

ለልጃችን እንዳልነግር ለመነችኝ፤ ቃል አልሰጠኋትም። አዝኜላታለሁ፤ ግን ስሜ እንዲነጻ ከዚያ የበለጠ እፈልግ ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ ልጄ መጣች፣ ካርታውን ከፈተች። «እንደገና አባዬ?» ስትል ዓይኗ እንባ ሞላ። ባለቤቴ የሻይ ብርጭቆ እያደረቀች ነበር፤ ያን አንድ ብርጭቆ ማድረቅ አልጨርስ አለች። ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው «እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» የሚል ነው።

ልጄ ቦርሳዋን አነሳች። «ሰኞ ሥራ እገባለሁ። ሞግዚት ፈልጌ እቀጥራለሁ እንጂ ልጄን ለሚዋሸኝ ሰው አልሰጥም።»

«ቁጭ በይ» አለች እናቷ። «አባትሽ ካቆመ ቆይቷል። የማጨሰው እኔ ነኝ።»

ልጄ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ተናደደች። «እማዬ፣ ዕድሜ ልክሽን የእሱን ጥፋት ስትሸፍኚ ኖርሽ። አሁን ደግሞ በራስሽ ላይ ትዋሺለታለሽ? አንቺ ሲጋራ በየት በኩል እንደሚለኮስ ታውቂያለሽ?»

«እውነቷን ነው» አልኩ።

«አንተ ደግሞ አሁን ‹እኔ ነኝ› ብለህ የለ!»

ባለቤቴ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ከሽርጧ ኪስ አንድ ፍሬ ሲጋራና ክብሪት አወጣች። መሀል ቤት ቆማ፣ ነፋስ ሳይኖር እሳቱን በመዳፏ ከልላ ለኮሰችው። ክብሪቱን በአንድ ምት አጠፋችው፤ ጭሱን በአፍንጫዋ ለቀቀችው። እንዲህ ያለ አጫጫስ በአንድ ቀን አይለመድም። እኔ ራሴ እንዲህ አልችልበትም ነበር።

ልጄ የቆመችበት ተቀመጠች። ባለቤቴ አመዱን በመዳፏ እየተቀበለች ታለቅሳለች። «አሁን አመንሽኝ?» አለች።

ልጄ ተነሥታ ሲጋራውን ከእናቷ ጣቶች ወሰደችና ውሃ ውስጥ ነከረችው። መስኮቱን ከፈተች። ወደ እኔ መጥታ ጉንጬን ሳመችኝ። «ይቅርታ አባዬ» አለችኝ። ከዚያ ስልኬን አንስታ ለእናቷ ዘረጋችላት።

«ተጫኚው።»

እናቷ ተጫነች።

«ነገ ለአንቺ የራስሽን ስልክ ይዤ እመጣለሁ።»

«ልጁንስ?» አለች ባለቤቴ።

ልጄ በሩ ጋ ቆመች። እናቷን ልታቅፋት እጇን ዘርግታ ነበር፤ መለሰችው። እናቷ ጭስ ጭስ ትሸታለች፣ እሷ ደግሞ ከዚህ ወጥታ ሕፃን ልታቅፍ ነው።

«መጀመሪያ ስልኩን» አለች።